የሳንታና «አብራክሳስ» በመድረክ፦ «ኦዬ ኮሞ ቫ» ለምን ማርሽ ይሆንብናል?

ጠያቂ፦ የባንዱ ኪቦርዲስት

ሰላም ለዚህ ቤት። እ.ኤ.አ. በ1970 ከወጣው የሳንታና «አብራክሳስ» ላይ የመጀመሪያውን የሸክላ ገጽ ሳናቋርጥ ለመጫወት እየተለማመድን ነው። ባንዱ ስድስት ሰው ነው፦ ድራም፣ ኮንጋ፣ ቤዝ፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድና ድምፃዊ። ቲምባሌስ (በዱላ የሚመታ የላቲን ጥንድ ከበሮ) የለንም።

«ኦዬ ኮሞ ቫ» ሁለት ኮርድ ብቻ ነው፣ ኖታውም ትክክል ነው፤ ስንመታው ግን አንዴ ማርሽ፣ አንዴ ሬጌ ይመስላል። «ብላክ ማጂክ ዉማን» ላይ ቤዙና ጊታሩ አምስተኛው ባር (የአራት ምት ስፍር) ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። የጊታሩ ሶሎ ወደ ትዝታ ማይነር ይሄድና ከእኔ ኮርድ ጋር ይጋጫል። የኔ ኦርጋን ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ ወፍራም ሆኖ ይሰማና በትልቁ ስፒከር ሲወጣ ቀጭን ይሆናል። ከየት እንጀምር? ቲምባሌስ ሳይኖር ይሆናል ወይስ ተከራይተን እንምጣ?

መልስ 1፦ ኮንጋ ቤት

ማርሽ የሚያደርግባችሁ ድራመራችሁ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ጥፋቱ ግን የችሎታ ሳይሆን የሥራ ክፍፍል ነው። «ኦዬ ኮሞ ቫ» ከሮክ በፊት ቻቻቻ (የኩባ የዳንስ ምት) ነው። ቲቶ ፑንቴ ኒው ዮርክ ላይ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቀዳው ዘፈን ነው። በቻቻቻ ውስጥ ሁለተኛውና አራተኛው ምት የኮንጋው ናቸው። ድራመራችሁ እንደ ሮክ ስኔሩን (ከሥሩ ሽቦ ያለውን ከበሮ) በሁለትና በአራት ላይ በኃይል ሲመታ፣ ኮንጋው በዚያው ቦታ የሚያወጣው ድምፅ ይዋጣል። የቀረው ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) እና ስኔር ብቻ ስለሆነ ጆሮ ማርሽ ይሰማል። ሬጌ የሚመስልበት ሰዓት ደግሞ ኪቦርዱ ኮርዱን በየኦፍ ቢቱ እኩል እየቆረጠ ሲመታ ነው፤ እሱን ኪቦርድ የሚያውቅ ይመልስልህ።

ሳንታና በዚያ አልበም ላይ ሦስት ሰው በምት ላይ ነበረው፦ ማይክል ሽሪቭ ድራም፣ ማይክል ካራቤሎ ኮንጋ፣ ሆሴ ቼፒቶ አሬያስ ቲምባሌስና ኮንጋ። እናንተ ሁለት ናችሁ። ስለዚህ ድራመሩ ግማሽ ድራመር፣ ግማሽ ቲምባሌስ መቺ መሆን አለበት።

ከኮንጋው ጀምሩ። ቀኝ እጅ ለሚመታ ሰው ቱምባኦው (የኮንጋው ተደጋጋሚ ምት) በአንድ ባር ውስጥ ስምንት ምት ነው። በአንደኛው ምት ላይ የግራ መዳፍ ተረከዝ፣ «እና» (በሁለት ምቶች መካከል ያለው ግማሽ) ላይ የግራ ጣት ጫፍ፣ ሁለት ላይ የቀኝ ስላፕ (ሰንጣቂ ጥፊ)፣ «እና» ላይ የግራ ጣት። ሦስት ላይ እንደገና የግራ ተረከዝ፣ «እና» ላይ የግራ ጣት፣ ከዚያ አራትና «አራት እና» ላይ ሁለት ክፍት የቀኝ ምት። ሕዝቡ የሚሰማው ስላፑንና ሁለቱን ክፍት ምቶች ነው። የግራው እጅ ሰዓት ጠባቂ ነው፤ መሰማት ሳይሆን አለመቋረጥ ነው ሥራው። የግራ እጁ ሲጮህ ዘፈኑ ይከብዳል፣ ሲቋረጥ ደግሞ ቴምፖው ይሸሻል። በደቂቃ 100 ምት ላይ ጀምራችሁ እጁ ሳይደክም አምስት ደቂቃ ሲቆይ ወደ 125–130 ውጡ፤ ዘፈኑ እዚያ አካባቢ ነው።

ድራመሩ ምን ያድርግ? ቀኝ እጁ በትንሽ ካውቤል ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ እኩል ይምታ፣ ሌላ ጌጥ የለም። ካውቤሉ ኪኩ ጠርዝ ላይ የሚታሰር መያዣ አለው፣ ርካሽ ነው። ግራ እጁ ስኔሩን በክሮስ ስቲክ (ዱላውን ቆዳው ላይ አስተኝቶ ጠርዙን በመምታት) ብቻ፣ እሱም በልኩ። ኪኩ ለስላሳ ይሁን፣ በአንደኛው ምት ላይ ከቤዙ ጋር ይገናኝና ይተወው። ክራሽ ሲምባል በየአራት ባሩ አያስፈልግም፤ ሁሉም አንድ ላይ በሚመቱት ብሬክ ላይ ብቻ ያስቀምጠው።

ቲምባሌስ ካገኛችሁ ባለ 14 እና ባለ 15 ኢንች ጥንዱ የተለመደው ነው። ካላገኛችሁ ሁለተኛ ስኔር አምጡ፣ ከሥር ያለውን ሽቦ ፍቱት፣ የላይኛውን ቆዳ አጥብቃችሁ ከፍ ባለ ድምፅ ቃኙት። ሪምና ቆዳው አንድ ላይ ሲመታ የቲምባሌስን ጩኸት በጣም ይቀርባል። ወደ አዲስ ክፍል ሲገባ ከአራት ወደ አንድ የምትደርስ አጭር ሮል ይበቃችኋል። ከበሮ ልተካበት የሚል ሰው ይኖራል፤ የከበሮ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ክፍቱ ድምፅ ያምራል፣ ስላፑ ግን አይሰነጥቅም፣ ቻቻቻ ያለ ስላፕ ደግሞ አይቆምም።

ጉይሮ (የሚፋቀው) ካላችሁ ለድምፃዊው ስጡት። በአንደኛው ምት ላይ ረጅም ፍቅታ፣ ሁለትና «ሁለት እና» ላይ ሁለት አጫጭር፤ ሦስትና አራት ላይ እንዲሁ ይደገማል። ድምፃዊው ሲዘፍን እጁ ከተሳሳተ ሳይዘፍን ብቻ ይፋቅ። ከሌላችሁ ድራመሩ በካውቤሉ ፋንታ ሃይሃቱን በአንደኛው ምት ላይ ትንሽ ከፍቶ፣ ሁለትና «ሁለት እና» ላይ ዘግቶ ይምታው።

ስለ ቅኝቱ አንድ ነገር። ኮንጋው የተፈጥሮ ቆዳ ከሆነ ክረምት ላይ ይረግባል፣ በጋ ላይ ይጠብቃል። በሳውንድ ቼክ ቃኝታችሁ ቤቱ በሰው ትንፋሽ ሲሞላ ድምፁ ወርዶ ታገኙታላችሁ፣ ቁልፉ ከእጅ አይራቅ። እያንዳንዱን ብሎን በአንዴ ሩብ ዙር ብቻ እያዞራችሁ በክብ ሂዱ፤ አንዱን ብቻ ማጥበቅ ቆዳውን ያጣምመዋል። ሲያልቅ ሁሉንም ማላላት ነው፣ አለበለዚያ ቆዳው ሊቀደድ ይችላል። ሁለት ኮንጋ ካላችሁ በመካከላቸው የአራት ኖታ ርቀት (ፎርዝ) ይኑር።

መልስ 2፦ ባለ ስድስት ክር

የቅኝቱን ግጭት እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱ በጣም ግልጽ ነውና።

«ኦዬ ኮሞ ቫ» ኤ ማይነር ሰቨንና ዲ ናይን ነው፤ ስኬሉ ኤ ዶሪያን፣ ማለትም ኤፍ ሻርፕ ያለበት የኤ ማይነር ዓይነት። ዲ ናይን ውስጥ ኤፍ ሻርፕ አለ። ጊታሪስታችሁ ከኤ ተነስቶ ትዝታ ማይነር ሲጫወት ኖታዎቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ይሆናሉ። የእሱ ኤፍ ከአንተ ኤፍ ሻርፕ ጋር ግማሽ ድምፅ ይለያያል፣ ጆሮ የሚጎረብጠው እዚያ ነው። አምባሰልም ከዚያው ከኤ ቢነሳ ቢ ፍላት ይዞ ስለሚመጣ አይሆንም።

የሚሆነው ባቲ ማይነር ነው። ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። ይህ የብሉዝ ጊታሪስቶች ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉት ራሱ ነው። በሁለቱም ኮርድ ላይ ያለ ጭንቀት ይሄዳል። ከዚያ ኮርዱ ወደ ዲ ናይን ሲዞር ኤፍ ሻርፕን አንድ ጊዜ ንኩ፣ ወደ ኢ ወይም ወደ ጂ አስወጡት። ያቺ አንዲት ኖታ ናት ሶሎውን ከብሉዝ ወደ ላቲን የምታሻግረው። ልምምዱም ቀላል ነው፦ ኪቦርዱ ሁለቱን ኮርድ እየደጋገመ ጊታሪስቱ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃ ኤፍ ሻርፕን በዲ ናይን ላይ ብቻ ይጫወት፣ ሌላ ኖታ አይጨምር። ኮርዱ ሲዞር ጣቱ ራሱ እስኪሄድ ድረስ።

«ብላክ ማጂክ ዉማን» ላይ የሚለያዩት ሁለቱም ብሉዝ ስለሚያውቁ ነው። ዘፈኑን የጻፈው የፍሊትዉድ ማክ መሥራች ፒተር ግሪን ነው፣ በ1968 በነጠላ ወጥቷል፣ ቁጥሩም አሥራ ሁለት ባር ነው። ስለዚህ አንዱ የተለመደውን የአሥራ ሁለት ባር ብሉዝ ይጠብቅና አምስተኛው ባር ላይ ወደ ጂ ማይነር ይሄዳል። እዚህ አይሄድም። በባር ስቆጥረው፦ ሁለት ባር ዲ ማይነር፣ ሁለት ባር ኤ ማይነር፣ ሁለት ባር ዲ ማይነር፣ ሁለት ባር ጂ ማይነር፣ አንድ ባር ዲ ማይነር፣ አንድ ባር ኤ ማይነር፣ ሁለት ባር ዲ ማይነር። ሁሉም ሰቨን ሆነው ይመቱ። ጂ ማይነሩ ሰባተኛው ባር ላይ ነው፣ ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ሞኒተሩ ላይ ለጥፉት። በዚህ ዘፈን ላይ ደግሞ ትዝታ ማይነር ከዲ ሲነሳ (ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት) አይጋጭም፤ ቢ ፍላቷ የጂ ማይነር አካል ናት። ጊታሪስታችሁ ትዝታ ከወደደ እዚህ ያውጣው።

«ጂፕሲ ኵዊን» የጋቦር ሳቦ ነው፣ ሃንጋሪያዊው የጃዝ ጊታሪስት። በአልበሙ ላይ ከ«ብላክ ማጂክ ዉማን» ጋር እንደ አንድ ትራክ ተቀጥሏል። በሬዲዮ ብዙ ጊዜ ስለሚቆረጥ ሰው አይጠብቀውም፣ ባንዱም ፍጥነት የሚጠፋበት እዚሁ ነው። ሽግግሩን የሚመራ አንድ ሰው ምረጡ፣ ኮንጋው ቢሆን ይሻላል። ሌላው ሁሉ ዓይኑን እሱ ላይ ያድርግ። ሁለት ሰው ሲመራ አንዱ ይፈጥናል።

ስለ ጊታር ድምፅ። ያ የማይሞት ኖታ ከፔዳል ብቻ አይመጣም፤ ድምፅ ማጉያው ክሩን መልሶ ሲያንቀጠቅጠው ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቦታ ይወስናል። በሳውንድ ቼክ አንድ ኖታ ይዞ ከአምፑ ፊት ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ባለው ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ኖታው ወደ ንጹህ ፊሽካ ሳይሆን ወደ ዘፈን የሚያብብበትን ቦታ ይፈልግ፣ ወለሉ ላይ ፕላስተር ይለጥፍ። ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ድምፅ መያዣ) ያለው ጊታር፣ የአንገቱ ፒክአፕ፣ ቶኑ ትንሽ ዝቅ። ጌይኑን ግማሽ አካባቢ አቁሙት። ጌይን ሲበዛ ኖታው ይረዝማል ግን ጫፉ ይጠፋል፣ ከኦርጋኑም አይለይም። ቤቱ ትንሽ ሆኖ ድምፅ መክፈት ካልተቻለ ከኦቨርድራይቩ በፊት ኮምፕረሰር አስገቡ። ብዙ ሰው ይህን ድምፅ ለማግኘት ፒአርኤስ ጊታር ያስሳል፤ የባንዱ መሪ ጊታሪስት ካርሎስ ሳንታና ፒአርኤስ መያዝ የጀመረው ከዚህ አልበም ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

መልስ 3፦ ድሮባር

ወንድሜ፣ ቀጭን የሚሆንብህ ስቴሪዮው ይመስለኛል። የኪቦርዶች የሌስሊ ኢፌክት (የሚሽከረከር ስፒከርን የሚመስለው) በግራና በቀኝ የተለያየ ድምፅ ያወጣል። በጆሮ ማዳመጫ ሰፊ ሆኖ ያምራል። ሳውንድ ሲስተሙ ሁለቱን ወደ ሞኖ ሲያጣምራቸው ግን የሚቃረኑት ድምፆች እርስ በእርሳቸው ይጠፋፋሉ። መፍትሔው ኤል/ሞኖ ከሚለው ቀዳዳ አንድ ገመድ ብቻ ማውጣት ነው። ሌላውን ንቀለው፣ ሚክሰሩ ላይ ማጥፋት አይበቃም፤ ኪቦርዱ ወደ ሞኖ የሚቀይረው ሁለተኛው ገመድ ሲነቀል ነው።

የሳንታና ኪቦርዲስት ግሬግ ሮሊ የሚጫወተው ሃመንድ ቢ3 ኦርጋን ነው። ድሮባር (የኦርጋኑን ድምፅ የሚቀላቅል ተሳቢ ዘንግ) ያለው ኪቦርድ ካለህ ለኮርዱ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ጀምር፦ 888፣ የቀሩት ስድስቱ ዜሮ፣ ፐርከሽኑ በሦስተኛው ሃርሞኒክ ላይ። ላይኛዎቹን ድሮባሮች የምትዘጋው ጊታሩ የሚዘፍንበትን ቦታ ለመተው ነው። ሶሎህ ሲደርስ አንድ በአንድ ሳባቸው። ሰስቴን ፔዳሉን ከእግርህ አርቀው፣ ኦርጋን ላይ ሰስቴን ኮርዶቹን ያደባልቃል። ድምፁ በጣት ክብደት የሚለወጥ ከሆነም ቬሎሲቲውን አጥፋ።

ሬጌ የሚሆንብህ ሪፉን (ተደጋጋሚውን ሐረግ) እንደ አንድ ባር ስለምትደግመው ነው። ሪፉ ሁለት ባር ነው። ኤ ማይነር ያለበት ባር በአንደኛው ምት ላይ ይቆማል፣ ዲ ናይን ያለበት ባር ከምቱ ውጭ ይራመዳል። ሁለቱን ባር እኩል ስትመታ መጠያየቁ ይጠፋል። ግራ እጅህንም ከቤዙ ክልል አውጣው፣ ከመካከለኛው ሲ በታች ከአንድ ኖታ በላይ አትያዝ።

ሌስሊው በዝግታ ይዙር፤ ፈጣኑን ለብሬኩ መግቢያና ለሶሎው ጫፍ አስቀምጥ። ፍጥነቱ ወዲያው አይወጣም፣ ስለዚህ ከምትፈልግበት ቦታ አንድ ባር ቀድመህ ቀይረው።

መልስ 4፦ ወፍራም ክር

ለቤዚስቱ አጭር ነገር። የሳንታና ቤዚስት ዴቪድ ብራውን በዚህ አልበም ላይ ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱ የዘፈኑ አካል ነው። ስምንተኛ ኖታ እየደረደሩ መሄድ የኮንጋውን ክፍት ምት ይሸፍናል፤ ሁለቱም አንድ የድምፅ ክልል ላይ ናቸው። ከኮርዱ ሥርና ከአምስተኛው ኖታ (ኤ እና ኢ፣ ዲ እና ኤ) ብዙ አትውጡ። ኖታውን በቀኝ መዳፍ ትንሽ አፍናችሁ ቶሎ ቁረጡት። ለመፈተን ቤዝና ኮንጋ ብቻ ለብቻቸው ይጫወቱ። ሁለቱ ብቻቸውን ሰውን ካላወዛወዙ ጊታር ቢጨመር አይወዛወዝም።

መልስ 5፦ ሳውንድ ሰው

ለኮንጋ ሁለት ማይክ ከሌለ አንዱን በሁለቱ መካከል ከቆዳው 15–20 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉ። ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ያለውን ትንሽ ቀንሱ፣ እዚያ ነው ከኦርጋኑና ከቤዙ ጋር የሚቦካው። ስላፑ ካልወጣ 4 ኪሎኸርዝ አካባቢ በትንሹ ጨምሩ። ሚክሱን ስትገነቡ በኪክ አትጀምሩ። በኮንጋና በካውቤል ጀምሩ፣ ቤዝ ጨምሩ፣ ከዚያ ኪኩን ከሥር አስገቡ። ለዚህ ሙዚቃ የሮክ ቅደም ተከተል ኪኩን ያገዝፈዋል።

ጠያቂ፦ የባንዱ ኪቦርዲስት

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ገመዱን ነቅዬ ሞክሬዋለሁ፣ ኦርጋኑ ተመለሰ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ ያለውን «ኢንሲደንት አት ኔሻቡር» እንዴት እናድርገው? ሽግግሮቹንስ ለመስማት የትኛውን ቅጂ ብንከተል ይሻላል?

መልስ 6፦ ኮንጋ ቤት

ለቅጂው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በሲዲ የወጣውን ፈልጉ። በመጨረሻው ላይ ሚያዝያ 18 ቀን 1970 በለንደን ሮያል አልበርት ሆል የተቀዱ ሦስት ትራኮች አሉ፣ አንዱ «ብላክ ማጂክ ዉማን/ጂፕሲ ኵዊን» ነው። ያው ባንድ በመድረክ ላይ ሽግግሩን እንዴት እንደሚያደርግ ትሰማላችሁ፤ ለናንተ ከስቱዲዮው ይበልጥ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሁለት ሸክላ፣ በደቂቃ 45 ዙር የወጣው ቅጂ በጣም ያማረ ነው ግን ውድ ነው፣ ለልምምድ አያስፈልግም።

ጆሮ ለማሟሸት ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄን «አፍሮ ላቲን ሶል» ስሙ። በ1966 ኒው ዮርክ ላይ የተቀዳ ነው። ኮንጋው ለቫይብራፎኑ እንዴት ቦታ እንደሚለቅ ልብ ብላችሁ አድምጡ፤ የኛ ቅኝትና የላቲን ምት አንድ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ ከሱ የተሻለ አስረጂ አላውቅም።

«ኔሻቡር»ን አሁን አትንኩት። አልበርቶ ጃንኲንቶ የተባለ ፒያኒስት ከካርሎስ ጋር የጻፈው ነው፣ በቅጂውም ላይ ፒያኖውን የሚጫወተው እሱ ነው። ቴምፖው ይቀያየራል፣ የመጨረሻው ክፍል ዝግ ብሎ ጊታሩ ይዘፍናል። ለማቅረብ ከቸኮላችሁ ያንን ዝግ ያለውን መጨረሻ ብቻ ነጥላችሁ ውሰዱ፤ ሙሉውን ስትሠሩ ደግሞ ከመጨረሻው ክፍል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ተለማመዱት፣ ባንድ ሁሉ መጀመሪያውን ሺህ ጊዜ ስለሚደግም መጨረሻው ሁልጊዜ ይላላል።

መልስ 7፦ ባለ ስድስት ክር

በ«ኔሻቡር» ቦታ ከሁለተኛው ገጽ «ሳምባ ፓ ቲ»ን አስገቡ። ስሙ ሳምባ ይበል እንጂ መጀመሪያው ዝግ ያለ ነው፣ ድምፃዊውም ያርፋል። ጂ ሜጀር ነው፣ እዚህ ላይ ትዝታ ሜጀር (ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ) ቁልጭ ብሎ ይገባል። ሲ ኖታን በጂ ሜጀር ሰቨን ላይ አታሳርፉ፣ በኮርዱ ውስጥ ካለው ቢ ጋር ይጋጫል፤ በኤ ማይነር ሰቨን ላይ ግን ቤቱ ነው። ከግማሽ በኋላ ዘፈኑ ይነቃና በእነዚህ ሁለት ኮርዶች ላይ እየተመላለሰ ይሄዳል። ድራመሩ እዚያ ሲደርስ ስኔር አይጨምር፣ ኮንጋው ይግባና እሱ ሃይሃቱ ላይ ይቆይ። የጊታሩን ቮልዩም በመጀመሪያው ክፍል 6 ወይም 7 ላይ አድርጉና ዘፈኑ ሲነቃ ወደ 10 ክፈቱት፤ ያኔ ፔዳል መርገጥ አያስፈልግም።